«በሞቴ» ያለው አለቃ

ጎንደር በጣሊያን እጅ ሳለች፣ የማክሰኝትን መንገድ ለሚሠሩት ሰዎች ወጥ እሠራ ነበር። ከጣሊያኑ አለቃቸው እጅ አማርኛ የሚማርበት ደብተር አይለይም። አንድ ቀን ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጥቶ አልበላም ሲለኝ «በሞቴ» ብዬ አጎረስኩት። አለቃው ተገርሞ፣ «ለአንድ ጉርሻ ሞትሽን ትጠሪያለሽ?» አለኝ።

«ከዚያ ወዲያ እምቢ አይባልም» አልኩት። ጻፈው።

በሚካኤል ዕለት ሠራተኞቹ በዓል ነው ብለው አካፋ አንነካም አሉ። እሱም ደብተሩን ገልጦ አየና «በሞቴ» አላቸው። እኔም ምን እንደሚሆን ለማየት ጓጉቼ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። የተነሣ ሰው የለም።

«ምነው?» አለኝ፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ።

ቃሉ የሚሠራው ሞትህን የማይመኝ ሰው ሲሰማው ብቻ መሆኑን አልነገርኩትም ነበር፤ ያን ዕለትም አልነገርኩትም።