ከጎመን መድኃኒቱ ጋር

ከብሔራዊ ውትድርና የተደበቅኩት ከአንድ በርሜል ጋር ነው። ማትሪክ ወድቄ ቤት በዋልኩ ሰሞን ቀበሌው ለዘመቻ መረጠኝ። እናቴ «ዲላ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብላ አስወርታ፣ ሐይቅ ዳር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፈችብኝ። መስኮት የለውም። በጣውላው ስንጥቅ የሚታየኝ የእናቴ ጎመን ብቻ ነው። እሱኑ ሳይ እየዋልኩ ጎመን ጠላሁ።

በርሜሉ የመጣው ጎመኑን ተባይ ሲጨርስባት ነው። የኒም ቅጠልና ግራዋ ወቅጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጨምራ፣ በውሃ ዘፍዝፋ ከደነችው። እንዲብላላ ደግሞ የት አስቀመጠችው? እኔ ራስጌ!

«እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ይገድለኛል!» አልኳት።

«ዝም በል! ሽታው ሰው አያስቀርብም። ዘበኛህ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የአብዮት ጥበቃዎቹ ለፍተሻ ሲመጡ፣ ገና በሩ ጋ ሳይደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። እኔ ግን የት እመለሳለሁ? ዓይኔ ያነባል፣ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ ማስነጠስ ሲመጣብኝ ፊቴን ትራስ ውስጥ እቀብራለሁ። ከጦርነት ሸሽቼ በነጭ ሽንኩርት ልሞት ነው እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። አለቅስም ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ጉዱ የፈላው መድኃኒቱ ሲሠራ ነው። እናቴ አጥልላ፣ ሳሙና በጥብጣ ብትረጨው ተባዩ ድራሹ ጠፋ። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሊቀመንበሩ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ሙያ ለብቻ አይያዝም። እሁድ የሴቶች ማኅበሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ያስተምሩልናል» አላት።

እምቢ ማን ይላል? እኔም ሌላ ቤት እንዳልሸሽ መንገዱ ላይ አፈሳ ነበር።

እሁድ ከሰዓት መጡ። እናቴ በርሜሉን ቀድማ ጎመኑ አጠገብ አውጥታ፣ በሬን ቆልፋለች። ሴቶቹ ሚጥሚጣ መውቀጥ ጀመሩ። ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ግን ማን አሰበው? ብናኙን እያነሳ በስንጥቁ ያስገባልኝ ጀመር። ውጪም ያስነጥሳሉ። እናቴ እንደ ልማዷ ለእያንዳንዷ «ይማርሽ» ትላለች፤ እነሱም «ያኑርሽ» ይላሉ። አፍንጫዬን ያዝኩ፣ አፌን ያዝኩ፣ እመብርሃንን ለመንኩ። አልሆነም፤ አመለጠኝ።

ማንም ልብ አላለም። በዚያ ሁሉ ማስነጠስ መሃል የኔን ማን ይለያል? ሊቀመንበሩ ራሱ ዓይኑን እያሸ ነበር።

እናቴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስነጥስ ሰምታ ዝም ብላ አታውቅም። እጇ ከሙቀጫው ሳይነሳ፣ ፊቷን ወደ ዕቃ ቤቱ መለስ አድርጋ፣ «ይማርህ፣ የኔ ልጅ» አለች።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ማሸት ትቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞረ።

ይዘውኝ ሲወጡ፣ ሚጥሚጣ በነካ እጇ አፏን ይዛ ቆማ ነበር። እንድታቅፈኝ እንኳ አልፈቀዱላትም።

ከሰሜን ግንባር በሕይወት ተመለስኩ። እግዜር ይመስገን። በመጣሁ ሰሞን አብረን ምሳ ስንበላ አስነጠሰኝ። እናቴ እንደዚያን ቀን አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ፣ ይማርህ በይኝ እንጂ!» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ከአፏ ላይ አላነሳችም።

እኔው «ይማረኝ» አልኩ። ትንሽ ጠብቄም፣ ያለችኝ ያህል፣ «ያኑርሽ» ብዬ መለስኩላት።