በሩ አጠገብ ያለው ብረት

ከመሄዴ በፊት ባለው ማታ አባቴ ራት አልበላም። እናቴ ቆጮውን ብታቀርብለትም ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። በእኛ መንደር፣ ከጅማ ወዲያ፣ ሩቅ የሚሄድ ልጅ አባቱ ፊት ተንበርክኮ እርጥብ ሣር ይቀበላል፤ የተቀየመ ሽማግሌም ይቅር ሲል ሣር ይቋጥርና ቅቤ ቀብቶ ይሰጣል። ጎህ ሲቀድ ተንበረከክኩ። አባቴ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ፣ "መሬቴ ካልበቃህ ሣሬ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። ባዶ እጄን ተነስቼ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስናደድ፣ እውነቱን ልንገራችሁና ሳለቅስም ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። እናንተ አገር ቤት ሆናችሁ ብርድ እናውቃለን የምትሉ፣ በጥቅምት ጠዋት መጥታችሁ እጃችሁን ባልዲ ውስጥ ንከሩና እንነጋገራለን። ቆጮም ገበያው ውስጥ አለ። ገዝቼ ቀመስኩት፤ ቆጮ ነው፣ የእናቴ ግን አይደለም።

በአስኮ መንገድ ክፍል የሚያከራዩ እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ነበሩ።

"ዋስ አለህ?" አሉኝ።

"ትናንት መምጣቴ ነው፣ ሰው አላውቅም።"

"ዋስ ሳታመጣ ቤት አልሰጥህም።"

"ዋስ የሚሆነኝም ሰው መጀመሪያ ቤትህን አሳየኝ ይለኛል፣ እትዬ።"

ትንሽ አሰቡና እሱም እውነቱን ነው አሉ። በመጨረሻ ራሳቸው ለራሳቸው ዋስ ሆኑኝና ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባጠፋሁ ቁጥር በዋሴ ዘንድ ይከሱኝ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ከዘነበወርቅ ከፍ ብሎ፣ ከጅማ በኩል የሚመጡ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ግቢ ነው። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ማጠብን ያስተማሩኝ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ጎኑ በሳሙና፣ መስታወቱ በአሮጌ ጋዜጣ። ጎማው ጋ የተጋገረው ጭቃ በእንጨት ይፋቃል። ያ ጭቃ የእኛ አገር ቀይ አፈር ነበር፤ አንዳንዴ እየፋቅኩ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ውስጡ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሸንኮራ ምጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ መንገድ ያልተስማማው ሰው የተወው ሁሉ ወንበር ሥር ይጠብቅሃል። ጨርሻለሁ ስላቸው ጋሽ ታደሰ፣ "አይተህ አትንገረኝ፣ ዳስሰህ ንገረኝ" ይላሉ። እያንዳንዱን ብረት በባዶ መዳፌ ሳልዳስስ ከአውቶቡስ አልወርድም ነበር።

ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሱ ማንበብ ስለማይችል የመንደሩ አስተማሪ ያነብለታል። ይቅር በለኝ ማለት አቃተኝና በሥራዬ ጎረርኩ። ከእናንተ ዘንድ የሚመጣውን፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበትን አውቶቡስ የማጥበው እኔ ነኝ፣ እጄ ያልነካው ብረት የለም አልኩ። ወራት አለፉ፣ መልስ የለም።

እንቁጣጣሽ አልፎ አውቶቡሶቹ አደይና ቄጤማ ታስሮባቸው ይገቡ ጀመር። ለሾፌሮቹ ጌጥ ነው፤ ለእኛ ለአጣቢዎች ግን የጠወለገ መልቀም ነው። አንድ ዓርብ ባለ ነጭ መስመሩን ሳጸዳ፣ በሩ አጠገብ ተሳፋሪ በሚይዘው ብረት ላይ የተቋጠረ ሣር አገኘሁ። ደርቋል፣ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ደግሞ ቅባት ቅባት ይላል። የትኛው ረዳት ነው በግራሶ እጁ የነካው ብዬ ተበሳጨሁ። ቋጠሮው ጠንካራ ነው፣ አልፈታ ሲለኝ በቢላ ቆረጥኩት። ብረቱን በናፍታ ጨርቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ጋሽ ታደሰ መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ "አሁን ገና አጣቢ ሆንክ" አሉኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ጥራጊው እንደ ሁልጊዜው ተጭኖ ወደ ቆሼ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአስተማሪው ደብዳቤ መጣ። አባትህ ቅዳሜ ከተማ ወርዶ ስልክ ያስደውላል፣ ጠብቅ ይላል። ስልክ ቤት ሄጄ ለሠራተኛው አባቴ ሊደውልልኝ ነው አልኩት። አባትህ ስልክ አለው ወይ አለኝ። የለውም ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና በል ቁጭ በል አለኝ። እኩለ ቀን ሲሆን ተጠራሁ። አባቴ ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ያህል ይጮህ ነበር።

"ሣሩን በሩ አጠገብ፣ ብረቱ ላይ አሰርኩልህ" አለኝ። "ለሰው ብሰጠው ይጥለዋል ብዬ ነው። አንተ ግን እጄ ያልነካው ብረት የለም ብለሃል።"

ቢላው፣ ናፍታው፣ የጋሽ ታደሰ ምስጋና ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

"እጅህ አገኘው?"

"አገኘው፣ አባዬ።"

"እንግዲህ ታርቀናል። የት አኖርከው?"

"ከራስጌዬ" አልኩት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደረቀ ብለህ እንዳትጥለው" አለኝ። ሠራተኛው ደቂቃው አልቋል ብሎ ስልኩን ወሰደብኝ።

ወደ ግቢው ስመለስ መንገድ ዳር የበቀለ ሣር አየሁና ጎንበስ አልኩ። ቋጥሬ ከራስጌዬ ባኖረው ውሸቴ ይቀንስ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን እኛ አገር ለራሱ ሣር የሚቋጥር ሰው የለም። ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ባለ ነጭ መስመሩ ከሰዓት በኋላ ይገባል፣ ማጠብ ነበረብኝ።