ሲኒማ በእትዬ የሻረግ አውድማ

እትዬ የሻረግን ያወቅኋቸው አርብ ገበያ በግ ልሸጥ ሄጄ ነው። ዝናብ ያዘኝና ከበራቸው ጥግ ቆምኩ። «በጉስ ይሁን፣ አንተን ምን ደጅ ያቆምሃል?» ብለው አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ እመላለሳለሁ። መጻፍ አልለመድኩም፤ የሳቸውን ሳልጽፍ ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ተስቦ ሳይገባ በፊት፣ በየበጋው ከደብረ ታቦር የሲኒማ መኪና ይመጣ ነበር። ሰዉ የእህል መጋዘን ውስጥ ታጭቆ ያያል። ከዚያ ተስቦው ገባና ብዙ ሰው ፈጀ፤ የእትዬ ባል ገብረ መድኅንም ሞቱ። በሽታው አልፎ መኪናው ሲመለስ፣ ታጭቆ መቀመጥ ተፈርቶ መጋዘን የሚገባ ሰው ጠፋ። ባለ ሲኒማው አለበል፣ «ዛሬ ሰው ካልመጣ ሁለተኛ ወደዚህ አይልኩኝም» አለ።

እትዬ ደግሞ ሲኒማ ነፍሳቸው ነው። ባሕር የሚባል ነገር ያዩት በሱ ነው።

«መጋዘኑ ቢቀር አውድማዬ አለ» አሉ። «ነፋሻ ነው፣ ሰፊ ነው። ሁሉም ከነቤተሰቡ ቁርበቱን ዘርግቶ ተራርቆ ይቀመጥ።»

ጎረቤታቸው አያ ጣሰው ይኼን ሲሰሙ ጮኹ። በኛ አገር አውድማ ሴት አትረግጥም፤ ወንዱም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ።

«የሻረግ! በረከቱን ልታባርሪው ነው? ደግሞ ሐዘንተኛ ነሽ!»

«እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ አያ ጣሰው። ከባዶ መሬት የቱ በረከት ይሸሻል? ለቅሶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ስንቀመጥ የከለከለን የለም። ለመሳቅ ሲሆን ነው በሽታ ትዝ የሚላችሁ?»

«መቅሰፍት ቢመጣ በራስሽ!»

«በራሴ ይሁን!»

ሲመሽ አለበል ነጩን ሸራ በሁለት ባሕር ዛፍ መሐል ወጠረ። ሰዉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል፤ የሚገባ የለም። እትዬ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከነጥቁር ልብሳቸው ገብተው አውድማው መሐል ብቻቸውን ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሰው እንዴት ሞተር ላስነሳ?» አለ አለበል።

«አንድ ሰው ሰው አይደለም? አስነሳው!»

ሞተሩ ተንደቀደቀ፤ ሸራው ላይ ብርሃን ወጣ። ያን ጊዜ ጠላ ሻጯ ሐረገ ወይን ቁርበቷን ተሸክማ፣ ልጆቿን አስከትላ ባዶ እግሯን ገባች። ከሷ ኋላ ሌላውም ተከተለ፤ ሁሉም ተራርቆ ተቀመጠ። አያ ጣሰው ተቆጥተው ሄዱ። አለበል ግን በዓመቱም እዚያው አውድማ ላይ አሳየ።

እትዬን ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በመኸሩ ለውቂያ ደቦ ቢጠሩ፣ ሴት የረገጠችው አውድማ ብሎ ወንዱ ሁሉ ቀረባቸው። «ይቅር!» አሉና ራሳቸው በሬ ነድተው ወቁ። ዘንድሮም የሚወቁት ብቻቸውን ነው። እባካችሁ፣ በታኅሣሥ አርብ ገበያ የምትወጡ ሰዎች ጎራ በሉላቸው፤ ለውቂያው ጭድ ማንሻ መንሽ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላቸዋል።