በንጉሥ አምላክ የተነሣ ጥላ

ሰሞኑን እዚህ እንጦጦ ላይ ከአንድ ፈረንጅ አጥር ሥር ሳልፍ የከረመ የእንቁላል ነጭ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው ጎረቤቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች፤ እኔ ግን እንደ ሽቶ ደጋግሜ ሳብኩት። አጥሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳላይ ዐውቄዋለሁ፤ ወረቀት እየተቀባ ነው፣ ወረቀቱም የሰው ፊት ሊያወጣ ነው። ከአንኮበር ተነቅሎ እዚህ የሰፈረ ሰው ሁሉ ጉም ባየ ቁጥር «አይ አንኮበር!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ስሰማ የምናደድ ሴት ነኝ፤ አገር በእሪታ አይመለስም። ያን ዕለት ግን ጭቃው እግሬን እየዋጠው፣ ሰው እየገፈተረኝ፣ እዚያው አጥር ሥር እንደቆምኩ የአንኮበር ቁልቁለት ላይ ወደነበረችው የአጎቴ ጎጆ ዘው ብዬ ገባሁ።

አጎቴ ወልደ ሰንበት የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከባሕር በኩል የመጣ አንድ ፈረንጅ ሣጥን አሸክሞት ቆላ ለቆላ ሲዞሩ ከረሙና፣ ፈረንጁ ንዳድ ጥሎት ወደ ባሕሩ ሲመለስ ሣጥኑን ከነሦስት እግሩ፣ ከነጥቁር ጨርቁ ለአጎቴ ትቶለት ሄደ። ዛሬ ፎቶግራፍ የሚሉትን እኛ ያኔ ጥላ ነበር የምንለው፤ አጎቴንም አገሩ «ጥላ ለቃሚው» የሚል ስም አወጣለት። የጎጆውን ስንጥቅ ሁሉ በእበት ደፍኖ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ በቅል የከረመ የእንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀባ ይውላል። ሁዳዴ ሲገባማ ጉድ ፈላ፤ «የመሪጌታ አማች በጾም እንቁላል ይገዛል» ተብሎ ለመሪጌታው ለአባቴ ስሞታ መጣ፣ አባቴም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ስለ ወረቀት ማስረዳት ግድ ሆነበት። አስኳሉን ከቁልቁለቱ በታች ለሚኖሩት ለእስላሞቹ ለአርጎባ ጎረቤቶቻችን ልጆች በሣህን የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ እነዚያ ልጆች የእኛን ሁዳዴ ከእኛ ይልቅ እነሱ ይናፍቁት ነበር።

አጎቴ እጁ እንጂ አፉ አልተባረከም። ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል፣ «እባክዎን ቀና ይበሉ» ለማለት የጀመረውን ሳይጨርስ ሰውዬው ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የመጮኹ ሥራ የኔ ሆነ። ዳዊት ደግሜ የጨረስኩ፣ ቁጭ ማለት የማላውቅ፣ እናቴ «ይቺን ልጅ ፍም ላይ ነው የወለድኳት» የምትለኝ ልጅ ነበርኩ። ሣጥን ፊት የቆመ ሰው ጠባይ ምን እንደሚመስል ከሊቅ አልተማርኩም፣ እየጮኽኩ ነው የተማርኩት። ሰው ብቻውን ሲቆም በግ ነው፤ አምስት ስድስት ሆኖ ሲቆም ግን ይፎክራል፣ ጎኑ ያለውን ይጎሽማል፣ «ምን ያስገትረናል ይሄ?» ይላል። ባዶ እጅ ደግሞ አይረጋም፤ ለካህኑ መቋሚያ፣ ለወታደሩ ጠመንጃ፣ ለወይዘሮዋ ጭራ ካላስያዝከው ወይ አፍንጫውን ያካል ወይ ዝንብ ያባርራል። ቸኳዩን መጨረሻ ላይ ጥራው። ተሳዳቢውን ከሚፈራው ሰው አጠገብ አቁመው። «ትንሽ ነው» አትበለው፣ ትንሽ ስትለው ቶሎ ማለቁን ይጠብቃል፤ «ቀድመው የቆሙት እነ እገሌ አልቻሉም» በለው፣ እልኽ ይይዘዋል፣ እልኽ ደግሞ ከትዕግሥት ይበረታል። ጊዜውን አጎቴ በጸሎት ነበር የሚለካው። ክዳኑን ገልጦ አቡነ ዘበሰማያትን ይጀምራል፤ ፀሐይ ካለ «ፈቃድከ» ላይ ይዘጋል፣ ሰማዩ ከከበደ «አበሳነ» ድረስ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ የተነቃነቀ ሰው ወረቀቱ ላይ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በሚጓዝበት ዘመን ነው፣ አገሩ ሁሉ ጓዙን በበቅሎና በአጋሰስ እየጫነ ሲሄድ፣ እማሆይ ወለተ ሐና አልሄድም አሉ። እማሆይ የፊታውራሪ ደባልቄ እናት ናቸው፤ ቆብ ደፍተው፣ ከግቢያቸው ጥግ በአንዲት ክፍል ተቀምጠው፣ «አጥንቴን የማሳርፍበትን መርጫለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አሉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ፊታውራሪ ከንጉሡ ጋር ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው ባላምባራስ ሸዋንግዛው ደብረ ብርሃን ሰፍረው ነበር፤ ሴቷ ወይዘሮ የሺመቤት ደነባ ነው የተዳሩት። ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ተካሰው በአንድ መሶብ መቅረብ ከተዉ ስንትና ስንት ክረምት አልፏል፤ አንዱ እናቱ ዘንድ ሲመጣ ሌላው በጓሮ ይወጣል። አሁን ግን እናታቸውን ለመሰናበት ሦስቱም በአንድ ጠዋት ሊመጡ ሆነ። እማሆይ አጎቴን አስጠሩት።

«ልጆቼን አንድ ላይ አድርገህ ስጠኝ» አሉት። «በአካል አልሆነልኝም፤ በጥላም ቢሆን።»

አጎቴ እጅ ነሥቶ ወጣና ደጅ ላይ ተቀመጠ። ጥላውን የሚይዘው መስታወት የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ አሁን መንገዱን ወደ እንጦጦ አዙሯል። ያቺ አንዲት መስታወት ከተበላሸች እማሆይ ልጆቻቸውን አብረው ሳያዩ ይቀራሉ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የአንኮበርን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ስትወጣ አዳል ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየቧጠጠ ይወጣና ሰውን ከነቤቱ ይውጠዋል። እማሆይ ከማለዳ ጀምሮ ግቢው መሃል ዱካ ላይ ተቀምጠው በግራና በቀኝ የተነጠፈውን ምንጣፍ በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ እስኪመጡ ጉሙ ከታች አንገቱን አወጣ።

ፊታውራሪ ሸማቸውን እስከ ዐይናቸው ሥር ተከናንበው መጥተው ቆሙ።

«ጌ... ጌታዬ፣ ሸማውን ዝቅ ቢያደርጉት» አለ አጎቴ።

«ለማን ብዬ? ለሣጥን?»

እውነታቸውን ነው። ትልቅ ሰው ከበታቹ ፊት አፉን ይሸፍናል፣ ከበላዩ ፊት ሸማውን ያወርዳል፤ ፊታውራሪ ለሣጥኑ ካወረዱለት ሣጥኑ ጌታቸው ሆነ ማለት ነው። ባላምባራስ ደግሞ ከወንድማቸው በስተ ግራ አልቆምም አሉ።

«ግራ የቆምኩ ዕለት ርስቱን ለቀቅኩ ማለት ነው። ይሄ ጥላ ነገ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይመሰክርብኛል።»

«ቀኝማ የኔ ነው፣ ቀድሜህ ተወልጃለሁ» አሉ ፊታውራሪ።

«መወለዱን ቀደምከኝ፤ ማደጉ ነው የዘገየብህ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ «ኧረ በማርያም፣ ከደነባ ድረስ የመጣሁት ብርድ ሊመታኝ ነው? አንተ ባለ ሣጥን፣ ወዲያ በል፣ የጫጩት ቤት ትሸታለህ!» አሉት አጎቴን፤ አጎቴም ወዲያ ሲል የሣጥኑን እግር መታ።

ያለኝን ብልሃት ሁሉ አወጣሁ። ባላምባራስ እጃቸው እንዲረጋ ጠመንጃ ላስይዛቸው ስል ፊታውራሪ፣ «ጎሽ! እሱን ጠመንጃ አስይዘሽ ከጎኔ አቁሚልኝ» ብለው ሳቁብኝ። «የእነ እገሌ ቤተ ሰብ ቆሞ መጨረስ አልቻለም» ብል፣ «እንኳን አልቻለ፣ ሥራ ያለው ሰው ነው» አሉ። ቀኝና ግራው ሲያጨቃጭቅ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ላድርግ ብል፣ ኋላ ማን ሊቆም! ጉሙ የግቢውን የታች አጥር ዋጠው።

«በቃ! በቅሎ ጫኑ!» አሉ ፊታውራሪ። ባላምባራስም ለመሄድ ዞሩ፣ ወይዘሮ የሺመቤትም ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።  ምንጣፉን የሚያስተካክለው የእማሆይ እጅ ቆመ።

ያን እጅ አየሁና ከሣጥኑ አጠገብ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮኽኩ፦

«በንጉሥ አምላክ! ንቅንቅ እንዳትሉ!»

ይህን ቃል ማንም ይጥራው ማን፣ ለማኝም ይሁን ሕፃን፣ የተጠራበት ሰው ክሱ እስኪሰማ አንድ እርምጃ አይራመድም፤ የተራመደ በንጉሡ ላይ ተራመደ። ግቢው በአንድ ጊዜ ድንጋይ ሆነ። ወይዘሮ የሺመቤት ጭራቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ወንድማማቾቹ ለመሄድ ሲዞሩ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነበር፣ እንዲያው ተያይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፄ መልሰው ደረቁ። የንጉሡ ስም ሲጠራ ደግሞ ሸማ ይወርዳል፤ የፊታውራሪ ሸማ ከአፍንጫቸው ተንሸራቶ ደረታቸው ላይ አረፈ። ከበስተጀርባዬ ክዳኑ ሲገለጥ ሰማሁ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥርም «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ...» የሚል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። ሰማዩ ከብዶ ስለነበር «አበሳነ» ድረስ ነው የሄደው። እንደዚያ የረዘመ ጸሎት በሕይወቴ አላውቅም።

«ክስሽን ተናገሪ» አሉ ፊታውራሪ በመጨረሻ። «የንጉሥን ስም በከንቱ የጠራ ጅራፍ እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ?»

ጅራፉ የሚያርፈው ጀርባዬ ላይ ነው፤ አፌ ግን ከጀርባዬ ተለይቶ የሚኖር ነው። «ተከሳሾቹ እርስዎና ወንድምዎ፣ ወይዘሮም ናቸው፤ እኔ ለእማሆይ ነገረ ፈጅ ነኝ» አልኩ። «ወልደው ያሳደጓችሁ እናት በብርድ ተቀምጠው፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ጊዜ እንኳ አብራችሁ አልቆማችሁላቸውም።»

«ቁመቷን አይተህ አትናቃት፣ ከአንተ ጠበቃ ትሻላለች» አሉ ባላምባራስ።

«ዝም በል፣ አንተም ተከሳሽ ነህ!» አሏቸውና ፊታውራሪ ወደ እናታቸው ዞሩ። «እማሆይ፣ ነገረ ፈጅ አድርገው ሾመዋታል?»

መነኩሲት አትዋሽም። እኔ ጀርባዬን ለጅራፍ አዘጋጀሁ።

«አልሾምኳትም» አሉ እማሆይ። «ዋሷ ግን እኔ ነኝ።»

የገዛ እናትህ ዋስ የሆነችለትን ሰው ምን ታደርገዋለህ?  በዚህ መሃል አጎቴ ከጥቁሩ ጨርቅ ወጣ።

«አ... አልቋል፣ ጌታዬ።»

«ምኑ?»

«ጥላው። ተነሥቷል።»

ፊታውራሪ እጃቸውን ወደ ባዶ አገጫቸው ሰደዱ። «አፌ ተገልጦ?» ብለው ሊሰብሩት ወደ ሣጥኑ ሲራመዱ እማሆይ «ደባልቄ» አሉ፣ ስማቸውን ብቻ። እግራቸው ቆመ። መጀመሪያ የሳቁት ባላምባራስ ናቸው፣ ከዚያ እኅታቸው፣ ፊታውራሪ ግን ሳይስቁ በቅሏቸው ላይ ወጡ። ጉሙ ሦስቱንም በየመንገዳቸው ዋጣቸው።

አጎቴ ወረቀቱን ፀሐይ ባገኘ ቀን አወጣው። የፊታውራሪ ፊት ጥርት ብሎ ነበር፣ ገበታ ሲነካ እንደተያዘ ልጅ ከንፈራቸው ተከፍቶ፤ ባላምባራስ ከጎናቸው ተለጥፈው፣ ቀኙ ማን ግራው ማን እንደሆነ ዳኛም አይለየውም፤ ጭራዋ እንኳ አየር ላይ ቀጥ ብላለች። እማሆይ ብቻ አልነበሩም። ያ ቃል ያሰረው ተከሳሾቹን ነው፤ እሳቸው ግን የሁለቱን ልጆቻቸውን የተገለጠ ፊት ባንድ ላይ ሲያዩ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ዞረዋል። በቆቡና በቀሚሱ መካከል ነጭ ጭስ ነበር። አጎቴ አልወስድላቸውም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ እኔ ይዤው ሄድኩ።

እማሆይ ወረቀቱን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ። «የኔን ፊት ምን ላደርገው?» አሉ። «የምፈልገው የነሱን ነበር።» ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ በሄድኩ ቁጥር ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኛቸዋለሁ፤ ጣታቸውን የፊታውራሪ አፍንጫ ላይ ተክለው፣ «እንግዲህ ዛሬ የት ትሄዳለህ? ቁጭ በልና ስማኝ!» ይላሉ፣ ልጆቹ በቅሎ ተጭኖ እየጠበቃቸው ስንት ዓመት ያላስጨረሷቸውን ነገር ሁሉ ይነግሯቸዋል፣ ቀጥለው ወደ ባላምባራስ ይዞራሉ። ወይዘሮ የሺመቤትን ስለ ጭራቸው ተቆጥተዋቸው አያውቁም።

ባላምባራስ በዘመቻ ቀሩ። እማሆይም በመረጡት መቃብር አረፉ። ፊታውራሪ የደረሱት ለተዝካሩ ነው፤ ግቢው ሣር በቅሎበት፣ ጎረቤቱ ግማሹ ባዶ ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። እኔን አስጠሩና እኔ ዘንድ የቀረውን ወረቀት ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ፣ ገለበጡት፣ መልሰው አዩት።

«እናቴስ?»

ጣቴን ጭሱ ላይ አኖርኩ።

«ሌላ የለም?»

«የለም ጌታዬ። መስታወቱ አንድ ነበር።»

ደፉ ላይ ተቀመጡ። «ያን ዕለት ሁላችንም የምናየው አንቺን ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንቺ ግን እናቴ ፊት ለፊት ነበርሽ። ምን ይመስሉ ነበር?»

ነገርኳቸው። የእማሆይ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ በሳቅ እንዴት እንደተሸበሸበ፣ የቀሩት ጥርሶቻቸው እንዴት እንደታዩ፣ ወደ ፊታውራሪ ሲዞሩ ባላምባራስ እንዳያመልጧቸው፣ ወደ ባላምባራስ ሲዞሩ ፊታውራሪ እንዳያመልጧቸው እንዴት እንደተጣደፉ፣ ዐይናቸው ለሁለቱ እንዴት እንዳልበቃ። ፊታውራሪ ሎሌያቸው ስለ በቅሎዋ ሊጠይቅ ቢመጣ በእጃቸው መለሱት። ስጨርስ፣ «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

ዛሬ የፊታውራሪም መንገድ አልቋል። የዚያ ግቢ ቤት ጣሪያ የለውም፣ ካቡን እረኛ እየነቀለው ነው ይላሉ። እዚህ መስታወቱ በጭነት ይመጣል፣ ሰዉም ሣጥን ፊት መቆም ለምዶ፣ ሸማውን ራሱ እያስተካከለ ሳይነገረው ይረጋል። የእማሆይን ፊት ግን የስንት በቅሎ ጭነት መስታወት ቢመጣ አያወጣውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አሳምሬም አስታውሰዋለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ጠባሳውን ሳልዘል እናገራለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ነው በየዓመቱ እያነሰ የሄደው።