ጨው እየላስሁ የከረምሁበት ዓመት

መጀመሪያ የመጣው ጥቁረቱ ነበር። የምሠራበት የኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ፀሐይ አይገባበትም፤ እኔ ግን ከሳምንት ሳምንት እየጠቆርሁ ሄድሁ። የሥራ ባልደረቦቼ እሑድን ከተማችን ያለችበት ሐይቅ ዳር ስዞር የምውል መስሏቸው ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ኋላ ቀሚሶቼ ሁሉ ሲሰፉኝ ቀልዱ ቆመ፤ ስገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። ምን እንደሚጠረጥሩ አውቃለሁ። እኔም ጠርጥሬ ተመርምሬ ነበር፤ ነፃ ነሽ ተባልሁ።

አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፣ ሌላው ጨጓራ። ግፊትሽ ዝቅ ብሏል፣ በደንብ ብይ ብለው የሸኙኝም ነበሩ። የታዘዘልኝን ሁሉ ዋጥሁ። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ እስኪመለስልኝ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። ባለቤቴ ከወላይታ ለሥራ የመጣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቴክኒሻን ነው። የተበላሸ ነገር ፈትቶ መጠገን የለመደ ሰው ስለሆነ፣ ለእኔ ምንም ማድረግ አለመቻሉ ያበሳጨው ነበር። ያመጣልኝን ብርቱካን ሳልነካው ሲያገኘው ልጦ መልሶ አጠገቤ ያስቀምጠዋል።

ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጨው ያምረኛል። ወጥ ላይ መጨመሩ አይበቃኝም፣ ጨዉን ራሱን ነው የምፈልገው። በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዝና ቢሮው ጭር ሲል በጣቴ እልሳለሁ። አእምሮዬን እየሳትሁ መስሎኝ አፈርሁ። ሐኪሞቹ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርሁም።

ዐቢይ ጾም እንደገባ አባቴ ከቁንዝላ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ሲያዩኝ ሰላምታቸውን መጨረስ አልቻሉም። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወዳለ ጠበል ሊወስዱኝ ቆረጡ። ባለቤቴ ሌላ ሐኪም እንሞክር ብሎ ነበር፤ አባቴ የትኛውን ብለው ሲጠይቁት ግን የቆጠራቸው ሁሉ የሄድሁባቸው ነበሩ። እኔ እሺ አልሁ። መወሰን ራሱ ደክሞኝ ስለነበር ማንም የፈለገው ቦታ ቢያስቀምጠኝ እቀመጥ ነበር።

ሱባዔ ያዝን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾምና ውሃ የነካው ሽምብራ እንቀምሳለን። ሱባዔ ይዞ ጨው መላስ ነውር መስሎኝ ወረቀቱን ቤት ትቼው ሄጃለሁ። በሦስተኛው ቀን የጠጣሁትን ጠበል አስታወክሁት። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሕመሙ እየወጣልሽ ነው አሉኝ፤ አባቴም ተስፋ አደረጉ። በአራተኛው ቀን ወደ ማረፊያችን ስንመለስ መንገድ ላይ ወደቅሁ። አባቴ ደጋግመው ሲጠሩኝ እሰማለሁ፤ መልስ ለመስጠት ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ባጃጅ ጠርተው ወደ ከተማ ይዘውኝ ገቡ።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች። ከዚያ እጄን ገልብጣ መዳፌን ወደ መስኮቱ አዞረችው። መስመሮቹ በቀለም የተሠመሩ ይመስላሉ። ድዴንም ገልጣ አየች።

«ጨው ያምርሻል?» አለችኝ።

አባቴን አየኋቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመርሁ።

ከኩላሊቶቼ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ማምረት እንዳቆሙ የጠረጠረችው ያኔ ነው። ያለ እሱ ሰውነት ረኃብንም፣ ትኩሳትንም፣ ድንጋጤንም አይችልም፤ ጥቁረቱም የጨው አምሮቱም ከዚሁ የመጣ ነው አለችን። ደሜ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ እሷ ግን መልሱን ሳትጠብቅ የሆርሞኑን መርፌ ጀመረችልኝ። በማግስቱ ምግብ ጠየቅሁ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ኮርቲሶሉ የለም በሚያሰኝ ደረጃ ወርዶ ነበር። ከእንግዲህ ሆርሞኑን በኪኒን በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ምግብ ቀምሼ መዋጥ እንዳለብኝ ነገረችኝ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኋት። ዕድሜ ልክሽን አለችኝ።

አባቴ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ጠበል የወሰድሁሽ» አሉ።

«እኔም እሺ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ጠዋት ተነሥተሽ፣ በልተሽ ዋጪ» አሉኝ። «የጾሙን ነገር እኔ እጠየቅበታለሁ።»

የሕመሙ ስም ሲታወቅ ሁሉም የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አሁን ቆዳዬ ፈካ ብሏል፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። ግን ባለፈው ክረምት መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። ባለቤቴ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። የቀረኝን ለሁለት እየከፈልሁ መዋጥ ጀመርሁ፤ ግድግዳ መያዙም ተመለሰ። ጎንደር ተገኘ ሲባል ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ተዘግቶ ነበር። በዘመድ እጅ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ደርሶ በጀልባ ተጫነልን።

በእኛ በኩል ባለው ወደብ ከጠዋት ጀምረን ጠበቅነው። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበረና ጀልባው ዘገየ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ባለቤቴ ቆሞ ውሃውን ያያል፤ አባቴ በስልክ ደረሰ ወይ እያሉ ይጠይቁናል። ጥቅሉ እንደመጣ ባለቤቴ እዚያው ቀዶ አንዱን ሰጠኝ፤ ያለ ውሃ ዋጥሁት። ለሁለት ወር የሚበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደምናገኝ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር።