በሽታ የተቀመጠ ሰው ይወዳል

አክስቴ ካረፈች ነገ ዓመት ይሆናታል። አዲስ አበባ ሆስፒታል በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ተቆርጦ ወደ አሰብ ስትመለስ፣ ከእንግዲህ አልጋ ላይ የምትውል መስሎን ነበር። እሷ ግን ሙቀቱ በረድ ሲል ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ እኔን አስከትላ እስከ ባሕሩ ዳር ትሄዳለች። ልብሷንም ራሷ አጥባ፣ በተቆረጠው ጡቷ በኩል ያለውን የታመመ ክንዷን ጥርሷን ነክሳ እየዘረጋች ገመዱ ላይ ታሰጣለች።

"እኔ ላስጣልሽ" ስላት፣ "ተይ ልጄ፣ በሽታ የተቀመጠ ሰው ይወዳል" ትለኛለች። ቀበሌ ለስብሰባ ሲጠራን እንኳ ረጅሙን መንገድ መርጣ ነበር የምትሄደው። ለዓመታት እንዲህ ኖረች።

በመንገዳችን ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ሁልጊዜ በርጩማ ያወጡላታል።

"አረፍ በይ እህቴ" ይሏታል።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ታልፋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ሳይጠሯት ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ወገቤን ነው" አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ወር ሳይሞላ ቀበርናት።

አሁንም አመሻሽ ላይ ብቻዬን ወደ ባሕሩ እወጣለሁ። ከእሷ ጋር መሄድ የለመደው እግሬ ዛሬም ቀስ ይላል፤ ሰዎች ከኋላዬ እየመጡ ያልፉኛል።