የሆያ ወረዳና የኔ ስህተት

ኮሎምበስ ከተማ ባለው ቤተ መጻሕፍት ካርታ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሱፐርቫይዘሬ ዶና ቀድማ ያስተማረችኝ መሳቢያ መክፈት ነው። የጀርመን ካርታዎች ያሉበት ሰፊ መሳቢያ በሁለት እጅ ካልተሳበ ተጣሞ ይያዛል። ከዚያ በፊት ዌርሃውስ ሠርቻለሁ፤ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ።

ሥራችን የዘራቸውን መነሻ ለሚፈልጉ ሰዎች ቦታውን ካርታ ላይ አግኝቶ፣ ስካን አድርጎ መስጠት ነበር።

አንድ ቀን ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ጡረተኛ አናጢ መጡ። የታላቅ እህታቸው ዓይን እየደከመ ስለነበር፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ጀርመን ያለውን የእናታቸውን የትውልድ መንደር ሊያሳዩአቸው ፈልገዋል። የእናትየው የክርስትና ወረቀት የመንደሩን ስም ይጠቅስና «ሆያ ወረዳ» ይላል። ሆያ የምትባለውን ከተማ ኒንቡርግ ወረዳ ውስጥ አገኘኋት፤ አጠገቧም የዚያው መንደር ስም አለ። ሰጠኋቸው። ደስ ብሏቸው እዚያው አቅራቢያ ሆቴል ቡክ አደረጉ።

በሳምንቱ አንድ አሮጌ ካርታ ስመልስ የድሮውን የሆያ ወረዳ ወሰን አየሁ። ወረዳው ከዌዘር ወንዝ ወደ ምዕራብ ርቆ ይሄዳል። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት ወረዳዎች ሲዋሃዱ ከተማዋ ለኒንቡርግ ደረሰች፤ አብዛኛው መሬት ግን ወደ ዲፕሆልዝ ወረዳ ገባ። እዚያም፣ ረግረግ ዳር፣ ያው የመንደር ስም አለ። የወረቀቱን ቅጂ አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። የእናትየው አባት ሥራ «ከረግረግ ማገዶ ቆፋሪ» ይላል፤ ደርቆ የሚነድ የረግረግ አፈር የሚቆፍር ማለት ነው። እኔ የሰጠኋቸው መንደር ወንዝ ዳር ያለ የእርሻ ሜዳ ነው፤ ረግረግ የለውም።

አውራጃ ፈርሶ ዞን ሲተካ ያየሁ ሰው ይህን መሳት አልነበረብኝም። ለዶና ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ዛሬውኑ ራስሽ ኮል አድርጊላቸው አለችኝ።

«ሚስተር ዋልተር፣ የሰጠሁዎት መንደር የእናትዎ አይደለም። ስህተቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

ትክክለኛው ሩቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከሆቴሉ በመኪና አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ቸገረን» አሉ። «ባትደውዪ ኖሮ እህቴን በሰው ቤተ ክርስቲያን አስለቅሳት ነበር።»

ከጉዞው ሲመለሱ እህትየው ክፍላችን ድረስ መጡ። እናታቸው የተጠመቁበትን የድንጋይ ገንዳ በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር እንደዳሰሱት፣ አንድ ጎኑ እንደተሸረፈ ነገሩኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

አሁን አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምላቸው ይህን ነው፦ የወረዳ ስም ስታዩ፣ ወረቀቱ በተጻፈበት ጊዜ ወሰኑ የት እንደነበር አጣሩ። ከተሳሳታችሁም ባለጉዳዩ ሳይደርስበት ደውሉ።